ጩኸቱ የሚያድነው ተጠያቂውን ነው

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ከላዩ ላይ በትልቁ «አፉን አስያዘው!» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጣቱን ቀስሮ ይጮኻል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው «ጉዳዩ እንዲህ...» ብሎ ይጀምራል። አባሉ «አዎ ወይስ አይደለም?» ይለዋል። ሰውየው እንደገና አፉን ይከፍታል። «ጊዜዬን አትብላብኝ!» ይባላል። በቃ፣ ቪዲዮው አለቀ።

ለወዳጄ «ለመሆኑ የተጠየቀው ምን ነበር?» ብዬ ጻፍኩለት። ትንሽ ቆይቶ «እሱን እንኳ ልብ አላልኩትም፤ ግን አፉን አስያዘው!» ሲል መለሰልኝ።

ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ መልስ ነው። ወዳጄን ለመውቀስ አይደለም። እኔም እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ስንቴ አይቼ፣ ስንቴ ስቄ፣ ስንቴ ለሌላ አስተላልፌያለሁ።

ልል የፈለግኩትን ከመጀመሪያው ልናገር። ብዙዎቻችን ምስክርን ማቋረጥና መጮህ ተጠያቂውን የሚያስጨንቀው ይመስለናል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው። በዚህ መድረክ ላይ ጩኸቱ የሚያድነው ተጠያቂውን ነው። የሚከስረው ደግሞ መልሱን ሊሰማ የተቀመጠው ሕዝብ ነው።

መድረኩ ለምን ተሠራ?

ችሎት እንበለው እንጂ ይህ ፍርድ ቤት አይደለም። ማንም እዚያ አይፈረድበትም። የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴዎች ሰው የሚጠሩት ሕግ ከማውጣታቸው በፊት ነገሩን ለማወቅ ወይም መንግሥትና ትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩትን ለመቆጣጠር ነው። ሚኒስትር ይጠራል፣ ጄኔራል ይጠራል፣ የባንክ ኃላፊ ይጠራል፣ ጉዳት የደረሰበት ተራ ዜጋም ይጠራል። አውቆ ለኮንግረስ የዋሸ ሰው እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

ሥልጣኑን አስቡት። በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሀብት ያለውን ሰው፣ ጋዜጠኛ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማያገኘውን ሰው፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ «ይህን ለምን አደረግህ?» ማለት የሚቻልበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል በብዙ አገር የለም። ታዲያ ይህ ዕድል እንዴት ነው የሚባክነው?

የአምስት ደቂቃው ሒሳብ

በተወካዮች ምክር ቤቱ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ምስክር ለመጠየቅ 5 ደቂቃ ይሰጠዋል። ፊት ለፊቱ ሰዓት አለ፣ መብራት አለ። ቀይ ሲበራ ጊዜው አልቋል።

የዚህ ሒሳብ ተንኮሉ ያለው አምስቱ ደቂቃ የጥያቄም የመልስም መሆኑ ላይ ነው። ምስክሩ የሚናገርባት እያንዳንዷ ሰከንድ ከጠያቂው ኪስ ትወጣለች። ስለዚህ ጠያቂው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው አጭር ጥያቄ ጠይቆ ረጅም መልስ መስማት ነው። በዚህ ጊዜ ማታ ዜና ላይ የሚታየው ምስክሩ ይሆናል። ሁለተኛው አራት ደቂቃ ተኩል ንግግር አድርጎ በቀረው ግማሽ ደቂቃ «አዎ ወይስ አይደለም?» ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚታየው እሱ ነው። ቪዲዮው ተቆርጦ በገጹ ላይ ይወጣል፣ ለምርጫ ቅስቀሳ ይውላል፣ «እንዲህ እየተዋጋሁላችሁ ነው፣ መዋጮ ላኩልኝ» ለሚል ደብዳቤ ማጀቢያ ይሆናል።

ሌላም አለ። አባላቱ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው አያዳምጡም። በአንድ ሰዓት ሁለትና ሦስት ኮሚቴ ስለሚደራረብባቸው ይገባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይወጣሉ። አንዱ የጠየቀውን ሦስተኛው እንደ አዲስ ይጠይቀዋል። ምስክሩ ሲያመልጥ የተመለከተ ሰው ተራው ሲደርስ «ቅድም እንዲህ ብለህ ነበር፤ አሁን እሱን አስረዳኝ» አይልም፤ ቅድም አልነበረማ! በፍርድ ቤት መስቀለኛ ጥያቄ የሚሠራው አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ ስለሚመጣ ነው። አምሳ ሰው በየተራ አምስት አምስት ደቂቃ ሲቆርጠው ግን ክሩ ይበጠሳል።

ጠያቂው ፎክሮ፣ ተጠያቂው ከብሮ

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2018 ማርክ ዙከርበርግ በሴኔቱ ሁለት ኮሚቴዎች የጋራ ስብሰባ ፊት ቀረቡ። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። የእስከ 87 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት ሳይገባ አልፏል ተብሎ ነበር። 44 ሴናተሮች እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ተሰጣቸው። ከዚያ ቀን ሰው የሚያስታውሰው ምንድን ነው? ሴናተር ኦሪን ሃች «ሰው ሳይከፍላችሁ ድርጅቱ በምን ይኖራል?» ብለው መጠየቃቸውንና ዙከርበርግ «ሴናተር፣ ማስታወቂያ እናስተዋውቃለን» ብለው ፈገግ ማለታቸውን ነው። የዚያን ዕለት የፌስቡክ አክሲዮን 4.5 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ገበያው ጩኸቱን ሰምቶ ፍርዱን ሰጠ፤ ይህ ሰው ከዚህ ክፍል ሳይጫር ይወጣል አለ።

ሁለተኛው ምሳሌ መጋቢት 23 ቀን 2023 ነው። የቲክቶክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሾው ቹ ከ50 በላይ አባላት ባሉት በተወካዮች ምክር ቤቱ የኢነርጂና ንግድ ኮሚቴ ፊት አምስት ሰዓት ገደማ ተቀመጡ። እዚህም ከባድ ጉዳይ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በታኅሣሥ 2022፣ እናት ድርጅቱ ባይትዳንስ ሠራተኞቹ የጋዜጠኞችን መረጃ ያለ አግባብ መመልከታቸውን ራሱ አምኗል። መረጃ ማን እጅ ገብቶ ነበር? ማን አዘዘ? ዛሬስ ያው በር ተዘግቷል?

አንድ አባል «ባይትዳንስ አሜሪካውያንን ሰልሏል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ቹ «መሰለል የሚለው ቃል አይገልጸውም» ብለው ስለ ውስጥ ምርመራ ማውራት ጀመሩ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላል የአገራችን ሰው። ያቺ አነጋገር የምትፈረድ ነበረች። «መሰለል ካልሆነ ምን እንበለው?» ብሎ አሥር ጥያቄ ማስከተል ይቻል ነበር። ግን ሰዓቱ አለ፤ ተራው ሌላ ሰው ጋ ሄደ። ሌላው እንደራሴ ደግሞ ቲክቶክ ከቤት ዋይፋይ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠየቁ። ቹ «ተጠቃሚው ዋይፋዩን ካበራ...» ብለው ግራ ገባቸው። በዓለም ዙሪያ የተዛመተው ይኸኛው ነው። በአንድ ወቅት ላይ አንዲት አባል በቲክቶክ ላይ የወጣ፣ በኮሚቴዋ ሰብሳቢ ላይ የሚዝት ቪዲዮ አሳይተው ጊዜያቸውን ጨረሱ። ቹ «መልስ ልስጥ?» ሲሉ ሰብሳቢዋ አይሆንም፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ አሉ።

ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ክስ ቀረበ፣ ተከሳሹ መልስ ልስጥ አለ፣ ዳኛው አይቻልም አለ። ውጤቱስ? አሥራ ምናምን ዓመት የሆነው የቲክቶክ ተመልካች ሁሉ ለቹ አዘነ። በማግስቱ ሰው የሚያወራው ስለ ጋዜጠኞቹ መረጃ አልነበረም፤ ስለተሰደቡት ጨዋ ሰውዬ ነበር። ጥያቄ የሚገባው ድርጅት በአንድ ቀን ተበዳይ ሆኖ ወጣ።

ማቋረጥ ሁልጊዜ ኃጢአት ነው ወይ?

አይደለም። ይህን መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የምስክሮቹ ጠበቃ እመስላለሁ።

ምስክሮችም ያውቁበታል። ለዚህ መድረክ በውድ ጠበቃ ይለማመዳሉ። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» እንዳለችው፣ ስለ አንድ ነገር ሲጠየቁ ስለ ሌላ ያወራሉ። «ለዚህ ጠቃሚ ጥያቄ አመሰግናለሁ፤ በመጀመሪያ ግን...» ብለው ሰዓቱን ይበሉታል። በሐምሌ 2017 እንደራሴ ማክሲን ዋተርስ የገንዘብ ሚኒስትሩን ስቲቨን ምኑችንን «ጊዜዬን መልሱልኝ» እያሉ ደጋግመው ያቋረጡት ሚኒስትሩ ወደ ጥያቄው ሳይመጡ በምስጋናና በሙገሳ ስለጀመሩ ነው። እንዲህ ያለውን ማቋረጥ እኔም እደግፋለሁ። መልስ የሚፈልግ ሰው የሚያመልጠውን ይይዛል።

ትርኢትም ሁሉ መጥፎ አይደለም። በሚያዝያ 2019 እንደራሴ ኬቲ ፖርተር የጄፒሞርጋን ቼዝ ኃላፊውን ጄሚ ዳይመንን በባንካቸው በሰዓት 16.50 ዶላር ስለሚከፈላት ገንዘብ ተቀባይ ጠየቋቸው። የቤት ኪራይ ይህን ያህል፣ ምግብ ይህን ያህል፣ የልጅ ማዋያ ይህን ያህል ብለው በወር 567 ዶላር እንደሚጎድላት አሳዩ። ከዚያ «ይህን ጉድለት እንዴት ትሙላው?» አሉና ጠበቁ። ዳይመን አላውቅም፣ ላስብበት ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ካሜራው ነበር፣ ድራማው ነበር። ግን ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ ጠያቂዋም ከጠየቁ በኋላ ዝም አሉ።

እንግዲህ መለያው ይህ ይመስለኛል። መልስ ፈልጎ የሚያቋርጥ አለ፤ መልሱን ፈርቶ የሚያቋርጥም አለ። ከውጭ ሲያዩአቸው ሁለቱም ይጮኻሉ። የመጀመሪያው ግን ጥያቄውን ይደግመዋል፤ ሁለተኛው ጥያቄውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ስድብ ይሄዳል።

ጸጥ ያለው ጥያቄ

አሁን የሌላውን ዓይነት ጠያቂ ልንገራችሁ።

በመስከረም 2019 የትራምፕ የቀድሞ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ ኮሪ ሌዋንዶውስኪ በተወካዮች ምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ለሰዓታት ያህል አባላቱን ሲያሾፉባቸው ዋሉ። «የሪፖርቱ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» ይላሉ። «እስቲ ያንብቡልኝ» ይላሉ። አባላቱ ይቆጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ አምስት ደቂቃቸው ያልቃል። ሰውየውም ፈገግ ይላሉ።

መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ጋዜጠኛ ቦርሳውን ሸክፎ ከወጣ በኋላ፣ የኮሚቴው አማካሪ የሆኑት ጠበቃ ባሪ በርክ ግማሽ ሰዓት ተሰጣቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሌዋንዶውስኪ በቴሌቪዥን የተናገሩትን አሳዩአቸው። ከዚያ አሁን በመሐላ ከተናገሩት ጋር አስተያዩት። ደግመው ጠየቁ። ሲያመልጡ መልሰው አመጧቸው። በመጨረሻ ሰውየው ለጋዜጠኞች እውነቱን የመናገር ግዴታ የለብኝም እስከማለት ደረሱ። በቀኑ ሙሉ ጩኸት ያልተገኘ ነገር በግማሽ ሰዓት ጸጥታ ተገኘ።

ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ ደግሞ ከዋተርጌት የመጣ ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደው ጥያቄ መጀመሪያ የተጠየቀው ካሜራ በሌለበት ክፍል ነው። ዓርብ ሐምሌ 13 ቀን 1973 የሴኔቱ ኮሚቴ ሠራተኞች የዋይት ሐውስ ባልደረባ የነበሩትን አሌክሳንደር በተርፊልድን በዝግ ሲያነጋግሩ ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዱ ዶናልድ ሳንደርስ ነበሩ። ሳንደርስ ደግሞ የኒክሰን ፓርቲ፣ የሪፐብሊካኑ ወገን ሠራተኛ ነበሩ። በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ንግግር የሚቀዳበት መሣሪያ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። በተርፊልድ እውነቱን ተናገሩ። ሰኞ ሐምሌ 16 ያንኑ ጥያቄ ያው የሪፐብሊካኑ ወገን ጠበቃ ፍሬድ ቶምፕሰን በካሜራ ፊት ጠየቁ። ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። መልሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ካሴቶቹ መኖራቸውን አገር ሰማ። ከአንድ ዓመት ትንሽ በላይ ቆይቶ፣ በነሐሴ 1974፣ ኒክሰን ሥልጣን ለቀቁ።

ማንም ጣት አልቀሰረም። ማንም «አዎ ወይስ አይደለም!» ብሎ ጠረጴዛ አልመታም። ሁሉንም የቀየረው ለማወቅ የፈለገ ሰው የጠየቀው አጭር ጥያቄ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም

አንዳንዶች ካሜራው ይውጣ ይላሉ። እኔ አልስማማም። በ1954 ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ሰውን ሁሉ «ኮሚኒስት» እያሉ ሲያስፈራሩ፣ ማንነታቸውን ለሕዝብ ያሳየው የቴሌቪዥን ካሜራው ነው። ሰብሳቢውንም ምስክሩንም እያቋረጡ ሲጮኹ አገር ለሳምንታት ተመለከታቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ ሴኔቱ ራሱ 67 ለ 22 በሆነ ድምፅ ገሠጻቸው። ያኔ ግን ሰው የሚያየው ሙሉውን ነበር። ዛሬ የምናየው 40 ሰከንዱን ነው።

የሚገርመው ነገር የተወካዮች ምክር ቤቱ ደንብ መውጫውን ይዞታል። ኮሚቴው ከፈለገ ለተመረጡ አባላት ወይም ለሠራተኛ ጠበቆች ከአምስት ደቂቃ በላይ፣ ለሁለቱም ወገን እኩል የሚከፈል እስከ አንድ ሰዓት መስጠት ይችላል። በርክ ግማሽ ሰዓቱን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ቁልፉ በእጃቸው ነው፤ በሩን ግን ብዙም አይከፍቱትም። ለምን? ሰዓቱን ለጠበቃ መስጠት ማለት ቪዲዮውን ለጠበቃ መስጠት ማለት ነውና።

ወደ እኛ

«የአሜሪካ ምክር ቤት ጩኸት እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ሁለት ነገር ያገባናል።

አንደኛ፣ የእኛ ጉዳይም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። በ2021 በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በዋሽንግተን ስለ ኢትዮጵያ ምስክርነት ሲሰማ እናስታውሳለን። ሁላችንም በየወገናችን «የእኛን» እንደራሴ ቆርጠን አጋራን፣ «የእነሱን» እንደራሴ ሰደብን። መስካሪው ባለሥልጣን ስለ እርዳታ እህልና ስለ ተፈናቀሉ ሰዎች የተናገረውን አዳምጦ የጨረሰ ስንታችን ነን? በእኛው ሞት ላይ በሚካሄድ ምስክርነት እንኳ የፈለግነው ጭብጨባ ነበር።

ሁለተኛ፣ የእኛ ምክር ቤት በሽታ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጨረሻው ግን አንድ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚቀርቡበት ቀን የአባላቱ ጥያቄ በተርታ ይነበባል፣ ከዚያ መልሱ በአንድ ላይ ረጅም ንግግር ሆኖ ይመጣል። ማንም አያቋርጥም። «ይህኛው አልተመለሰልኝም» ብሎ እዚያው የሚከራከር የለም። በዋሽንግተን መልስ የሚጠፋው በጠያቂው ጩኸት ነው፤ በአዲስ አበባ የሚጠፋው በጠያቂው ዝምታ ነው። ለተራው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው? የማዳበሪያው ዋጋ ለምን እንደጨመረ በሁለቱም መንገድ አይሰማም።

ሆኖም አንድ ተስፋ አለ። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የፌዴራል ዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ መሥሪያ ቤቶችን በይፋ የሚጠይቅበት መድረክ ነው። እዚያ ሰነድ አለ፣ ቁጥር አለ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ኃላፊ አለ። ቴአትር የለውም፤ ስለዚህ ተመልካች የለውም። «አፉን አስያዘው» የሚል ጽሑፍ አይለጠፍበትም። እኔ ግን ከሁሉም መድረኮች ለዋተርጌቱ ዝግ ክፍል የሚቀርበው ይኸኛው ይመስለኛል።

በላ ልበልሃ የምንለው የአያቶቻችን ሙግት ትዝ ይለኛል። እዚያም ትርኢት ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ነገር እያሳመረ ሰውን ያስደምማል። ውርርድ ሁሉ ነበረው። ነገር ግን «ተጠየቅ!» ያለ ሰው መልሱን ለመስማት ይቆማል። ተጠያቂው ካልመለሰ ይረታል። ተጠያቂው ሳይናገር የሚያልቅ ሙግት ሙግት አይባልም ነበር። የነገር ማሳመሩ ለጥያቄው ጌጥ ነበር እንጂ በጥያቄው ምትክ አልነበረም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ከማስተላለፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈትሹ። ጥያቄው ምን ነበር? ምስክሩ ሊመልስ ስንት ሰከንድ ተሰጠው? ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ከዚያ በፊት የማላውቀው ምን አወቅሁ? ሦስተኛው መልስ «ምንም» ከሆነ፣ አፉን የተያዘው ምስክሩ ብቻ አይደለም። ጆሯችሁም አብሮ ተይዟል።

ለወዳጄ በመጨረሻ ሙሉውን ቪዲዮ ፈልጌ ላክሁለት። እስካሁን አላየውም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ያማርራል። አልፈርድበትም። እኔም ያየሁት በሁለት ቀን ነው። ያ የተጮኸበት ሰውዬ ግን ከሰዓታት በኋላ፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝና አንድ አባል በዝግታ ስትጠይቀው፣ ጥፋቱን ራሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሯታል። ያንን ዓረፍተ ነገር ማንም አልቆረጠውም።